ለኮምቦልቻ ግቢ የትኛው የፎርክሊፍት ጎማ ይሻላል? ድፍኑን ገዝቼ ያየሁት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ፌሮና ላሜራ በሚራገፍበት ግቢ ለምትሠራ ባለ ሦስት ቶን ፎርክሊፍት ድፍን ጎማ፣ ማለትም አየር የሌለው ውስጡ ሁሉ ጎማ የሆነው፣ የወጣበትን ገንዘብ ይመልሳል። ጠጠርና ጭቃ ላይ ለምትውል ፎርክሊፍት ግን ያው ጎማ መከራ ነው፤ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢላችሁ አትመኑት። ኮምቦልቻ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚከራዩም የሚያከራዩም ሰዎች ስለ ሞተርና ስለ ማንሻ ሲከራከሩ ይውሉና ጎማው ላይ ሲደርሱ «ደህና ነው» ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን ማሽኗ በቀን ስንት ሰዓት ሠርታ እንደምትውል የሚወስነው ጎማው መሆኑን በሥራው ስላየሁት፣ ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ።

የማከራያቸው ማሽኖች ሁለት ናቸው። አንዷ በናፍጣ የምትሠራ ባለ ሦስት ቶን ናት፤ ሁለተኛዋ በባትሪ የምትሄድ አነስተኛ ናት። የናፍጣዋ ሥራ አንድ ቦታ አይረጋም። ከተማችን የመንገድ መገናኛ ናት፤ ከአዲስ አበባ የተነሳው ጭነት በእኛ በኩል ወደ ደሴና ወደ ወልድያ ይወጣል፣ የጂቡቲው ደግሞ በሚሌና በባቲ አድርጎ ይገባል። ደረቅ ወደቡ አለ፣ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ የብረታ ብረት ነጋዴው፣ የማሾና የማሽላ መጋዘኑ አለ። ስለዚህ ማሽኗ ጠዋት ፌሮ ስታራግፍ ትቆይና ከሰዓት በኋላ ጆንያ በተደረደረበት መጋዘን ውስጥ ትገኛለች። በአንድ ቀን ሊሾ፣ ኮብልስቶን፣ የተቦረቦረ አስፋልትና ዋልካ አፈር ትረግጣለች። እንዲህ ዓይነት ሥራ ያለው ሰው ጎማ ሲመርጥ መጀመሪያ ማየት ያለበት ዋጋውን ሳይሆን መሬቱን ነው።

ስገዛት ባለ አየር ጎማ ነበር ያላት። ቁጥሩ የፊቱ 28×9-15፣ የኋላው 6.50-10 ነው፤ በባለ ሦስት ቶን ማሽኖች ላይ አዘውትሮ የሚታየው ይህ ነው። 28ቱ የጎማው ቁመት በኢንች፣ 9ኙ ወርዱ፣ 15ቱ የቸርኬው መጠን ነው። የፊቱ ጎማ አንዳንድ ጊዜ 8.15-15 ተብሎ ይጻፋል፤ ያው ነው፣ አንዱን ጠይቃችሁ ሌላውን ቢያመጡላችሁ አትደንግጡ። የኋላው ላይ 6.50 ወርዱ፣ 10 ቸርኬው ነው። ይህን ቁጥር ከጎማው ጎን ላይ በእስክሪብቶ ገልብጣችሁ ያዙ። ስልክ ደውላችሁ «የሦስት ቶን ጎማ ላኩልኝ» ካላችሁ የሚመጣው ጎማ ከቸርኬያችሁ ጋር ላይገጥም ይችላል።

ባለ አየሩ ጎማ በራሱ ክፉ ዕቃ አይደለም። ከውጭ ሸራ የገባበት ጎማ፣ ከውስጥ ካላማዳሪ፣ ከካላማዳሪውና ከቸርኬው መካከል ፍላፕ አለው። ድንጋይ ሲረግጥ አየሩ ይሰበሰብለታል፤ ማሽኗ አትንገጫገጭም፣ የሾፌሩ ወገብ አይጎዳም፣ ጥርሱም ጥልቅ ስለሆነ አፈር ይቆነጥጣል። ኮንክሪት ማምረቻ ግቢ ወይም ገና አፈሩ ያልተደለደለ የግንባታ ቦታ ቢኖረኝ ዛሬም ከእርሱ ሌላ አልገዛም ነበር። ችግሩ የብረት ግቢ ነው። ፌሮ ታስሮ የሚመጣበት ሽቦ ይቆረጥና መሬት ላይ ይቀራል፤ ላሜራ ሲቆረጥ እንደ ምላጭ የሰላ ቁራጭ ይወድቃል። ግቢውን በየጊዜው ቢጠርጉትም ሁልጊዜ አንድ የሚቀር አለ። ጎማው የሚተነፍሰው ደግሞ ተሳቢው ገብቶ፣ ጫኝና አውራጁ ተሰልፎ፣ ሹፌሩ «ዛሬውኑ ሚሌ መድረስ አለብኝ» እያለ በሚቆምበት ሰዓት ነው። በወሎ ወግ «አብሽሪ እትዬ፣ ይደርሳል» ይሉኛል፤ ደጎች ናቸው። ማሽኗ በክሪክ ተነስታ በቆመችበት ሰዓት ግን ማንም ኪራይ አይከፍለኝም፣ ሊከፍለኝም አይገባም።

የአየሩ መጠንም ሌላ ጣጣ አለው። የቤት መኪና ጎማ ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ቢነፋ ይበቃዋል፤ የፎርክሊፍት ጎማ ከ100 በላይ ነው የሚነፋው። ሰፈር ውስጥ ያለው ትንሽ ኮምፕሬሰር እዚያ አይደርስም። ጎሚስታው በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ሞልቷል» ይላል፤ ጎማው ግን አየር አንሶት ጎኑ ወደ ውጭ ተነፍቶ ይሄዳል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል፣ ጭነት ከፍ ሲል ማሽኗ ትወዛወዛለች። ባለ አየር ጎማ ያላችሁ ሰዎች የራሳችሁ የአየር መለኪያ ይኑራችሁ።

አሁን ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አንቀጽ አትዝለሉብኝ። የኋላው ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም፤ ሁለት ግማሽ ሆኖ በቡሎን የተገጣጠመ ነው። ስለዚህ ጎማውን ስታዩት ሁለት ዓይነት ዳዶዎች አሉበት፦ አንዱ ዓይነት ቸርኬውን ከማሽኗ ጋር የሚያስር፣ ሌላው ዓይነት ሁለቱን ግማሾች እርስ በርስ የሚያስር። አየር ባለበት ጎማ ላይ የሁለተኛውን ዓይነት ዳዶ የፈታ ሰው ሕይወቱን ያጣል። የታመቀው አየር ግማሹን ቸርኬ እንደ ጥይት ይወረውረዋል። የፊቱ ደግሞ በብረት ቀለበት የሚዘጋ ነው፤ ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ ከተነፋ እርሱም ይበራል። አንድ ቀን እዚሁ ከተማ ውስጥ ባለ ጎሚስታ ቤት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንኳ የማይመስል ለጋ ተለማማጅ፣ አየሩ ሳይወጣ የግማሾቹን ዳዶ በቁልፍ ሲይዝ ደርሼ ጮኬ አስቆምኩት። ባለቤቱ «ምን ሆነሽ ነው? ሁሌ እንዲህ ነው የምንፈታው» አለኝ። ሁሌ እንዲህ ተፈትቶ አንድ ቀን ሰው ይሞታል። ትክክለኛው አሠራር አስቸጋሪ አይደለም፦ ጎማው ገና ማሽኗ ላይ እያለ የነፊው (የአየር ማስገቢያው) ልብ ይወጣና አየሩ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁልፍ የሚነሳው። ሲነፋም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጦ፣ የሚነፋው ሰው ደግሞ በረጅም ቱቦ ፈቀቅ ብሎ ቆሞ ነው። ፍርግርግ የሌለው ጎሚስታ የፎርክሊፍት ጎማ ባይቀበል እመርጣለሁ። ለድፍን ጎማ ያለኝ ፍቅር ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው፤ ድፍን ጎማ የሚፈነዳ አየር የለውም።

ወደ ድፍኑ ልምጣ። ከውጭ ሲታይ ባለ አየሩን ይመስላል፣ የሚገባውም በዚያው ቸርኬ ላይ ነው፤ ውስጡ ግን ከዳር እስከ ዳር ጎማ ነው። ጥሩው ዓይነት ሦስት ድርብ አለው። ከቸርኬው ጋር የሚያያዘው የታችኛው ድርብ ጠንካራ ሲሆን ውስጡ የብረት ሽቦ ቀለበቶች ተቀብረውበታል፤ ቸርኬው ላይ እንዳይሾር አንቆ የሚይዘው እርሱ ነው። መካከለኛው ለስለስ ያለ፣ ንዝረት የሚቀበል ነው። መሬት የሚነካው የላይኛው ደግሞ እንዳያልቅና እንዳይቆረጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ርካሹ ላይ መካከለኛው ድርብ የለም። በዓይን ማየት አይቻልም፤ ሻጩን «ስንት ድርብ ነው?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን በደረሰኙ ላይ ያስፍር። የኔው ጎን ላይ የስሪላንካ ሥራ መሆኑ ተጽፏል፤ ያች አገር የራሷ የጎማ ዛፍ ያላት፣ በድፍን ጎማ ምርት ስሟ የታወቀ ናት። ስለ ስም ካነሳን፣ ሶሊዴል የሚለውና ካምሶ የሚለው የተለያዩ ፋብሪካዎች አይምሰሏችሁ፤ ኩባንያው በ2015 እ.ኤ.አ. ስሙን ካምሶ አለ፣ በ2018 ደግሞ ሚሽሊን ገዛው። ሁለቱን ስም በሁለት ዋጋ የሚያቀርብ ሻጭ ቢገጥማችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

ዋጋው ከባለ አየሩ፣ ካላማዳሪውና ፍላፑ ተደምሮ እንኳ፣ እጥፍ ያህል ነበር። ብሩን አልጽፈውም፤ ይህን በምታነቡበት ጊዜ ተለውጦ ይቆያችኋል። ከዋጋው ይልቅ ያስቸገረኝ መግጠሙ ነው። ድፍን ጎማ በእጅና በጎማ ማውጫ ብረት አይገባም፤ 100 ቶንና ከዚያ በላይ የሚጫን የሃይድሮሊክ መጭመቂያ ይፈልጋል። አንድ የፊት ጎማ ብቻውን ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ቸርኬዎቹን ፈትቼ በአይሱዙ አዲስ አበባ ሰደድኩ፤ ማሽኗም በግንድ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ አሠራሩን ግን ልናገር። ሰዎቹ ትሑቶች ናቸው፣ ስልክ ያነሳሉ፣ ባሉት ቀን ጨርሰዋል። የፊቶቹን ሲጭኑ የቀለበቱን ዓይነት አስቀድመው ጠይቀውኛል፤ ቀለበት የሚፈልግ ድፍን ጎማና ያለ ቀለበት በራሱ ከንፈር የሚይዝ ድፍን ጎማ የተለያዩ ስለሆኑ፣ ይህን የሚጠይቅ ሻጭ ሥራውን ያውቃል። ያዘንኩባቸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኋላ ቸርኬዎቹን ዝገት ሳይቦርሹ ጎማውን ጭነውበታል። ሁለተኛ፣ የአንዱ የፊት ጎማ ቀለበት በአንድ በኩል ከቦታው ወጣ ብሎ ነው የደረሰኝ። ዕቃው ገና ከአይሱዙ ሳይወርድ ስላየሁት መልሼ ላክሁት፤ አስተካክለው ላኩት፣ የመኪናውን ኪራይ ግን እኔ ነኝ የከፈልኩት። ጥፋቱ የነርሱ ሆኖ ሳለ ኪራዩን በደንበኛ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም፤ ነግሬአቸዋለሁ።

አንዴ ከገባ በኋላስ? የፌሮው ግቢ ላይ ልዩነቱ በመጀመሪያው ሳምንት ታየ። ሽቦው አሁንም ይወጋል፤ ጎማው ግን ሥራውን ይቀጥላል፣ ማታ ላይ በፒንሳ ነቅለን እንጥላለን። የተሳቢ ሹፌር ፊት ላይ የነበረው ንዴት ቀርቷል። ሌላው ያልጠበቅኩት ጥቅም ርጋታዋ ነው፤ ጆንያ በሦስተኛው ድርድር ላይ ስታስቀምጥ ድሮ ትወዛወዝ የነበረው ነገር በጣም ቀንሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሦስት ቶን የምታነሳ ማሽን ራሷ ከአራት ቶን በላይ ትመዝናለች። ሙሉ ጭነት በሹካዋ ስትይዝ ከጠቅላላው ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶው የፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ይህ ማለት እያንዳንዱ የፊት ጎማ ሦስት ቶን ያህል ተሸክሟል። ያን ሁሉ በአየር ላይ ከማስቀመጥ በድፍን ጎማ ላይ ማስቀመጥ ልብ ያሳርፋል።

ጉዳቱንም አልደብቅም። የመጀመሪያው የሰው ወገብ ነው። ማሽኗን የሚነዱልኝ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እሳቸውም ልጄ ይሉኛል። ኮብልስቶን ላይ ባዶዋን ሲነዱ ውለው ማታ «ልጄ፣ ጭነት ስትይዝ ደህና ናት፤ ባዶ ስትሆን ግን አንጀቴን ነው የምትንጠው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ድፍን ጎማ ክብደት ሲያርፍበት ጥቂት ይለሰልሳል፤ ባዶ ስትሆን ግን እያንዳንዱን ድንጋይ ለመቀመጫው ያደርሳል። መቀመጫውን ስፕሪንጉ ባልሞተ በሌላ ቀየርኩላቸው፣ ኮብልስቶን ላይም ቀስ ብለው እንዲሄዱ ተስማማን። ድፍን ጎማ ገዝቶ በድሮው መቀመጫና በድሮው ፍጥነት ሰውን ማሠራት ግፍ ነው፤ የጎማው ሒሳብ ሲሠራ የመቀመጫው ዋጋም አብሮ ይግባ።

ሁለተኛው ጭቃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የእኛ ዋልካ ምን እንደሚመስል የቦርከናን ዳር የሚያውቅ ያውቀዋል። የድፍኑ ጥርስ ጥልቀት ስለሌለው ጭቃው ይሞላበትና እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ማሽኗ ከባድ ናት፣ ከታችም ክፍተቷ ትንሽ ነው፤ አንዴ ከሰመጠች የሚያወጣት ሌላ ትልቅ ማሽን ነው። ክረምት ላይ ንጣፍ የሌለው ግቢ ሥራ ሲመጣ አልቀበልም፤ ወይም ደንበኛው ጠጠር ያስደፋ እላለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው፣ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህን ነው። አንድ የደሴ ደንበኛ «ሎቤድ (ማሽን የሚጭነው ዝቅ ያለ ተሳቢ) ለምን እንከፍላለን? መንገዱ አስፋልት ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፣ በራሷ ትውጣ» አለኝ። የሐረጎን ዳገት ሽቅብ! ጎማ በተንከባለለ ቁጥር ይታሻል፣ ሲታሽ ይሞቃል። ባለ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀቱ ይወጣለታል፤ ድፍኑ ግን ወፍራም ነው፣ ጎማም ሙቀት ቶሎ የሚያስተላልፍ ነገር አይደለም። ሙቀቱ መሀል ላይ ይጠራቀማል፤ ከውጭ ሲዳስሱት ለብ ያለ ብቻ ሆኖ ውስጡ ግን ድርቦቹ መላቀቅ ይጀምራሉ። ከጊዜ በኋላ ጎማው በትልልቅ ቁራጭ ይገነጣጠላል፣ ባለቤቱም «ዕቃው የማይረባ ነው» ይላል። ፎርክሊፍት እዚያው ግቢ ውስጥ አጭር አጭር እየተመላለሰች፣ እየቆመች፣ እየተነሳች እንድትሠራ የተበጀች ናት። ከከተማ ከተማ የምትሄደው ተጭና ነው። ደንበኛው በመጨረሻ ሎቤዱን ከፈለ፤ እኔም ከኪራዩ ላይ ጥቂት ቀነስኩለት።

ማለቁን እንዴት እናውቃለን? ደህና ድፍን ጎማ ጎኑ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ መስመር አለው፤ 60 ጁል የሚሉት ነው። የላይኛው ጎማ እዚያ መስመር ሲደርስ የሚለሰልሰው ክፍል አልቋል ማለት ነው፤ የቀረው ጠንካራው መሠረት ነው። ከዚያ በኋላ ጎማው ለዓይን ገና ብዙ የቀረው ይመስላል፤ በእኛ አገር ደግሞ ዕቃ ቸርኬ እስኪነካ ድረስ መጠቀም ብልህነት ሆኖ ተቆጥሯል። ከመስመሩ ያለፈ ጎማ ንዝረቱን በቀጥታ ለቦኮላ፣ ለመሪ ዘንግና ለማንሻው ሰንሰለት ያስተላልፋል፤ በጎማው የተረፈው ገንዘብ በመለዋወጫ ይወጣል። ከዚህም የሚብሰው አንዱ ጎን ብቻ ሲያልቅ ነው። በፊት ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሜትር ያህል ነው። አንደኛው ጎማ በአንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ አራት ሜትር ከፍ የተደረገ ጭነት ወደዚያው ጎን አራት ሴንቲ ሜትር ይሸሻል። ይህን በክር አስለክቼ ለጋሼ አሳየኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ጎማውን በየሳምንቱ በራሳቸው ይለካሉ። ስለዚህ የፊት ጎማ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀየራል። በአንድ አክስል ላይ አንዱን ድፍን፣ ሌላውን ባለ አየር አድርጋችሁ አትሥሩ። ዓይነቱን ስትቀይሩም በመጀመሪያ ማሽኗ ላይ የተለጠፈውን የመጠን ሰሌዳ አንብቡ፤ የሚፈቀደው ጎማ እዚያ ላይ ተጽፏል።

የኋላዎቹ የሚያልቁበት መንገድ ይለያል። ማሽኗ ባዶ ስትሆን ከክብደቷ ግማሽ የሚበልጠው ከኋላ ነው፣ መሪውም የሚዞረው ከኋላ ነው። ሾፌሩ ቆሞ መሪ ባዞረ ቁጥር ጎማው መሬት ላይ ይፈጫል። ጋሼ ጥቂት እየተንቀሳቀሱ ያዞራሉ፤ እሳቸው በሌሉበት የሚተካው ወጣት ግን ቆሞ ይጠመዝዛል፣ የሄደበት ቦታ ሊሾው ላይ በጥቁር ክብ ይታወቃል። የእኔ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው ያለቁት ለዚህ ነው። ዝገቱ ሳይቦረሽ የቀረው ቸርኬም አላገዛቸውም።

ስለ ሌሎቹ ዓይነቶች ባጭሩ። በብረት ቀለበት ላይ ተጣብቆ የሚሠራ፣ ቀለበቱ እንዳለ በመጭመቂያ የሚገባ አጭር ድፍን ጎማም አለ። አሜሪካ ሠራሽ በሆኑ ማሽኖች ላይ ይበዛል። ማሽኗ ዝቅ ትላለች፣ በጠባብ ቦታ ትዞራለች፤ ልሙጥ ወለል ላለው ፋብሪካ ግሩም ናት። አንድ የማውቀው ነጋዴ እንዲህ ያለችውን ያገለገለች ማሽን በርካሽ አግኝቶ ገዛ፤ የመጋዘኑን በር ፊት ያለውን የውሃ መውረጃ መሻገር አልቻለችም። ጎማዋን በትልቅ ልቀይር ቢልም አይሆንም፤ ቸርኬዋና አካሏ ለዚያ አልተሠራም። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ ጎማዋን እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ባለ አየር ጎማን በአየር ፋንታ በሚጠጥር አረፋ መሙላትም አለ። አይተነፍስም፣ ይከብዳል፣ ጎማው ሲያልቅ ግን አረፋውም አብሮ ይጣላል። ለእኔ ሥራ አልታየኝም።

የባትሪዋ ማሽኔ ነጭ ጎማ ነው ያላት። ልብስና ምግብ ነክ ዕቃ የሚያስቀምጡ ደንበኞች ወለላቸው ላይ ጥቁር መስመር አይፈልጉም። ጎማን የሚያጠቁረው ካርቦን ነው፤ በነጩ ውስጥ በምትኩ ሲሊካ ይገባል። ንጹሕ ነው፣ ያምራል፤ ግን ከጥቁሩ ቶሎ ያልቃል፣ ይወደዳልም። ካርቦኑ ስለሌለ የኤሌክትሪክ ሙላት በማሽኗ አካል ላይ ሊጠራቀም ስለሚችል፣ ተቀጣጣይ ነገር ያለበት መጋዘን ከመግባቷ በፊት ባለሙያ ጠይቁ። በእጅ የሚገፉትና በባትሪ የሚሄዱት ፓሌት ማንሻዎች ላይ ያለው ትንሹ ብጫማ ጎማ ደግሞ ፖሊዩሪቴን ነው። በቁመቱ አትናቁት፤ ከጎማ የበለጠ ክብደት ይችላል፣ ለመግፋትም ይቀላል። እርጥብ ወለልና ጠጠር ግን ጠላቱ ነው፤ ከመጋዘኑ ደጃፍ አታሳልፉት።

ዛሬ ያለሁበት እንዲህ ነው። የፊቶቹ ድፍን ጎማዎች ከመስመሩ ገና ሩቅ ናቸው፤ ኮብልስቶኑ ጠርዛቸውን ትንሽ ቆርሷል እንጂ ስንጥቅ የለባቸውም። ባለ አየሮቹን አልሸጥኳቸውም። ለፊትም ለኋላም ያገለገሉ ተጨማሪ ቸርኬዎች ፈልጌ ገጥሜባቸዋለሁ፤ የግንባታ ሥራ ሲመጣ አራቱንም እንቀይራለን፣ አየሩንም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ነው የምናስነፋው። የኋላዎቹን ድፍኖች ከመስከረም ሥራ በፊት አዲስ አደርጋለሁ፤ ዓይነቱ ያው ነው። የሚጭንልኝ ቤት ግን ቸርኬውን እስከ ነጭ ብረቱ ቦርሾና ቀለም ቀብቶ ፎቶውን ሳይልክልኝ ጎማውን አይጭንም፤ ቅድመ ክፍያውን የምልከው ይህንኑ በጽሑፍ አስፈርሜ ነው።